እንስት አማልክትን በባለቀለም እርሳስ፦ ማቅለም እንዴት መንፈሳዊ ልምምድ ይሆናል?

ልጆች ያሏችሁ የማቅለሚያ መጽሐፍን በደንብ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን «ከለሪንግ ቡክ» የምንለውን ማለቴ ነው። ጥቁር መስመር ታትሞበታል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ልጁ ክሬዮኑን ይዞ ይሞላዋል። ዝሆኑ ሐምራዊ፣ ፀሐይዋ አረንጓዴ ብትሆን ማንም አይቆጣም። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ይኸው ነገር ለአዋቂዎችም መቸብቸብ ጀመረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ጆሃና ባስፎርድ የተባለች ስኮትላንዳዊት ሠዓሊ በአበባና በቅጠል የተሞላ የአዋቂዎች ማቅለሚያ መጽሐፍ አወጣች። ከዚያ በኋላ ገበያው ደራ። የመጽሐፍ ሽያጭ የሚቆጥረው ኒልሰን ባወጣው ግምት በአሜሪካ በ2014 ወደ 1 ሚሊዮን ቅጂ ገደማ የተሸጠው የማቅለሚያ መጽሐፍ በ2015 ወደ 12 ሚሊዮን አሻቅቧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከነዚህ መሃል አንድ ለየት ያለ ዓይነት አለ። ገጹን ስትገልጡ ድመትና ቢራቢሮ አታገኙም። አሥር እጅ ያላት የሕንዶቹ ዱርጋ አንበሳ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች። ቀጣዩ ገጽ ላይ ምላሷን ያወጣች ሌላዋ የሕንዶች አምላክ ካሊ፣ ከዚያ የግብጿ ኢሲስ፣ ከዚያ የቲቤቷ ታራ። እነዚህን ገጾች የሚያቀልሙት ሰዎች፣ በብዛት ሴቶች፣ ጊዜ መግደያ አያደርጓቸውም። ስልካቸውን ያጠፋሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ ለጸሎት እንደሚቀመጥ ሰው ይቀመጡበታል።

«ኧረ ባካችሁ! ሕፃን የሚጫወትበትን ነገር ጸሎት ልትሉት ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምለው ይኼን ነው፦ ሌላ ሰው ባሰመረው መስመር ውስጥ ቀለም መሙላት ለአማልክት ምስል አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ አገር ሥራው ከጥንትም እንዲህ ተከፋፍሎ ነው የኖረው። አዲሱ ነገር ቀለሙን እንዳሻ የመምረጥ ነፃነት ነው። የልምምዱ ጥቅምም ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው። በ1970ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከሴቶች መብት ንቅናቄ ጋር አብሮ አንድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ ተነሣ። አምላክን ሁልጊዜ «አባት»፣ «ንጉሥ»፣ «ጌታ» እያልን ስንጠራ ሴቶች የት ገቡ የሚል ጥያቄ ነበራቸው። ብዙዎቹ ወደ ጥንት ሃይማኖቶች ዞረው እንስት አማልክትን መፈለግ ያዙ። በእንግሊዟ ግላስተንበሪ ከተማ በ2002 የእንስት አምላክ ቤተ መቅደስ እስከ መክፈት ደርሰዋል። እነዚህ ሰዎች ከአባት ከእናት የወረሱት ሥርዓት የላቸውም፤ ልምምዱን ራሳቸው ይፈጥሩታል። ይጨፍራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ጭምብል ይሠራሉ፣ ይሥላሉ። መሣል የማይችል ሰውስ? እሱ የማቅለሚያ መጽሐፍ ይገዛል።

ከሚወዷቸው ምስሎች አንዷ በኦስትሪያ ቪለንዶርፍ በምትባል መንደር በ1908 የተገኘች ትንሽ የድንጋይ ምስል ናት። ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ዕድሜዋ ወደ 30 ሺህ ዓመት ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። ጡቷና ዳሌዋ ትልቅ ነው፤ ፊት የላትም። አምላክ ትሁን፣ የመውለድ ምልክት ትሁን ወይስ ሌላ ነገር፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የእንቅስቃሴው ሰዎች «እናታችን ናት» ይላሉ፤ እኔ በበኩሌ ያንን ያህል ርቄ አልሄድም። አንድ ነገር ግን የተረጋገጠ ነው። ገላዋ ላይ የቀይ አፈር ቀለም ርዝራዥ ተገኝቷል። የሠራት ወይም ይዟት የኖረ ሰው ቀብቷታል።

የግሪኮቹም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ ነጭ እብነ በረድ ሆነው የምናያቸው የአማልክት ሐውልቶች በዘመናቸው ቀለም የተቀቡ ነበሩ። አቴንስ አክሮፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ የተሠራች ፔፕሎስ ኮሬ የምትባል ሐውልት አለች። ምናልባትም አርጤምስ ናት የሚሉ አሉ። ፀጉሯና ዓይኗ ላይ የቀለሙ ቅሪት አሁንም ይታያል። ቪንሰንዝ ብሪንክማን የተባሉ ጀርመናዊ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ቅሪቱን አጥንተው ባለቀለም ቅጂዎችን አሠሩና ከ2003 ጀምሮ ለሕዝብ አሳዩ። ብዙ ሰው ደነገጠ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሁሉም ፍም የመሰለ! ነጩን ለምደን «ክቡር ማለት ነጭ ነው» ብለን ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ ልሂድ። በሕንድ ቢሃር ግዛት፣ ወደ ኔፓል ድንበር ጠጋ ብሎ፣ ሚቲላ የሚባል አካባቢ አለ። የዚያ አገር ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳ በሥዕል ይሞላሉ። በተለይ ሙሽሮቹ የሚያድሩበት ክፍል ባዶውን አይተውም። ሎተስ፣ ቀርከሃ፣ ዓሣ፣ በቀቀን ይሣልበታል፤ ከነዚህ ጋር አማልክቱ ይመጡና ሙሽሮቹን ይባርካሉ። ሥዕሉ ለዕይታ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ የሥርዓቱ አካል ነው። ሠርጉ ሲያልፍ፣ ዝናብ ሲመታው፣ ይጠፋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ይሣላል።

የውጭው ዓለም ይህንን ያየው በአደጋ ነው። በ1934 አካባቢውን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ዊልያም አርቸር የተባለ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሹም የደረሰውን ጉዳት ሊያይ ሲዞር፣ በፈረሱት ቤቶች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ አፉን ያዘ። በኋላም ፎቶ አነሣው። ከዚያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ክፉ ድርቅ መጣ። የሕንድ የእደ ጥበብ ቦርድ በፑፑል ጃያካር አማካይነት ባስካር ኩልካርኒ የሚባል ሠዓሊ ወደዚያ ላከ። ይዞ የሄደው ወረቀት ነበር። «ግድግዳው ላይ የምትሥሉትን እዚህ ላይ ሣሉልኝ፣ እንሸጠዋለን» አላቸው። በዚህ መንገድ የነጃግዳምባ ዴቪ፣ የነሲታ ዴቪና የነጋንጋ ዴቪ ስም ከመንደራቸው ወጣ። ጃግዳምባ ዴቪ በ1975 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የሕንድ መንግሥት ሽልማት ተቀብላለች።

ለኛ ጉዳይ ዋናው አሠራሩ ነው። ሁለት ታዋቂ ዘዴዎች አሉ። ካችኒ የሚባለው ቦታውን በቀጫጭን መስመር የሚሞላ ነው። ባርኒ የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ከዚያ በመስመሩ የተከበበው ቦታ ሁሉ በደማቅ ቀለም ይሞላል። ባዶ አይቀርም። በዕድሜ የገፋችውና እጇ የለመደው ሴት መስመሩን ታወጣለች። ልጃገረዶቹና ሌሎቹ ሴቶች ተቀምጠው ቀለሙን ይሞላሉ። ቢጫው ከእርድ ነው፣ ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት፣ ነጩ ከሩዝ ዱቄት፣ አረንጓዴው ከቅጠል። ብሩሹ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት የቀርከሃ ስንጥር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ቀለም የምትሞላው ልጅ «እኔ ሠዓሊ አይደለሁም» ብላ ከሥርዓቱ አትወጣም። መስመሩ የሷ አይደለም፣ ግን ጸሎቱ ውስጥ አለችበት። እየሞላች የእመቤቲቱን ታሪክ ትሰማለች፣ መዝሙሯን ትማራለች።

ከነዚህ ሴቶች አንዷን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዱላሪ ዴቪ ትባላለች። ከዓሣ አጥማጆች ወገን የተወለደች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት ናት። በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረችው ማሃሱንዳሪ ዴቪና ካርፑሪ ዴቪ ከሚባሉ የታወቁ ሠዓሊዎች ቤት ነበር። ቤት እየጠረገች፣ ዕቃ እያጠበች፣ ሥራቸውን ታያለች። እያየች ለመደች፣ እነሱም አስተማሯት። በ2021 እሷም ፓድማ ሽሪ ተሸለመች።

ከሚቲላ ወደ ማቅለሚያ መጽሐፉ ስንመለስ አንድ ነገር ጎድሎ እናገኘዋለን። አሮጊቷ የለችም። መስመሩ ታትሞ መጥቷል፣ ታሪኩን የሚነግረን ግን አብሮ አልመጣም። ስለዚህ ማቅለም ከመጀመራችን በፊት ሥዕሉን ማንበብ የራሳችን ፋንታ ነው። ይህንን በአንድ ገጽ ላሳያችሁ።

አረንጓዴዋን ታራ ገጽ ውሰዱ። ታራ በቲቤት ቡድሂስቶች ዘንድ ከሁሉ በላይ ከሚወደዱት አንዷ ናት። ታሪኳ ደስ ይላል። በጥንት ዘመን የንጉሥ ልጅ ነበረች ይባላል። በጸሎትና በበጎነት ከሁሉ ስትበልጥ መነኮሳቱ መጡና «በሚቀጥለው ሕይወትሽ ወንድ ሆነሽ እንድትወለጂ ጸልዪ፤ ያኔ ፍጹም ትሆኛለሽ» አሏት። እሷም «ወንድነትና ሴትነት የሰው አስተሳሰብ የፈጠረው ነው። በሴት ገላ ሰውን ሊረዳ የሚመጣ ጥቂት ስለሆነ፣ እኔ እስከ መጨረሻው ሴት ሆኜ እመለሳለሁ» ብላ ማለች።

አሁን ሥዕሉን እዩት። ግራ እግሯ ታጥፏል፣ ቀኝ እግሯ ግን ወደ ታች ተዘርግቶ ትንሽ ሎተስ ረግጧል። ማሰላሰል ላይ ናት፣ ግን ልጇ ሲያለቅስ ብድግ ለማለት እንደተዘጋጀች እናት ግማሽ አካሏ ተነሥቷል። ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ መዳፉ ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ የመስጠት ምልክት ነው። ግራ እጇ ደረቷ አጠገብ የሰማያዊ አበባ ግንድ ይዟል። አረንጓዴነቷ ራሱ ትርጉም አለው። በቲቤት ሥዕል አረንጓዴ የሥራና የፈጣን እርዳታ ቀለም ነው። ስለዚህ እግሩን ስታቀልሙ ስለ እግሩ እያሰባችሁ ነው። እጁ ላይ ስትደርሱ «እኔ ዛሬ ምን ሰጠሁ?» የሚል ሐሳብ ሳይጠራ ይመጣል። መንፈሳዊ ልምምድ የሚባለው ይኸው ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ተቀምጦ፣ የተሣለው ነገር የሚለውን መስማት። አንድን ሥዕል በስልክ ስናይ ሦስት ሰከንድ አንቆይም። ስናቀልመው ግን ሁለት ሰዓት እናየዋለን።

ነጯ ታራ ደግሞ ሌላ ናት። እግሮቿ ሁለቱም ታጥፈዋል፣ ሰባት ዓይኖች አሏት። ሦስት ፊቷ ላይ፣ ሁለት መዳፏ ላይ፣ ሁለት ውስጥ እግሯ ላይ። ረጅም ዕድሜና ፈውስ ይለመንባታል። ነጭን እንዴት ታቀልማላችሁ? ገላዋን እንዳለ ተዉት። ዙሪያዋን በቀጭኑ በውኃ ሰማያዊና በፈዛዛ ግራጫ ሙሉት፣ ነጩ ራሱ ብቅ ይላል። ይኼ የእርሳስ ዘዴ ብቻ ቢሆንም ብዙ ሰው የሚወደው ገጽ ይሆናል።

ካሊ ጋ ስትደርሱ ልጆቹን ዞር አድርጉ። የተቆረጡ ራሶች አንገቷ ላይ ሰክታለች፣ ጎራዴ ይዛለች፣ ከእግሯ ሥር ባሏ ሺቫ ተንጋሏል። ያላነበበ ሰው «ሰይጣን ናት» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል። ያነበበ ሰው ግን ሁለቱን ቀኝ እጆቿን ያያል። አንዱ «አትፍራ» ይላል፣ ሌላው ይሰጣል። አስፈሪውን በግራዋ፣ ደግነቷን በቀኟ ይዛለች። የራሶቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 50 ይሆናል፤ የሳንስክሪት ፊደላት ቁጥር ነው ይላሉ። ፊደል በአንገቷ የምትሰካ አምላክ! ፊደል ቆጥረን ላደግን ሰዎች ይህቺ ነገር ትጥማለች። ጥቁረቷን በጥቁር እርሳስ ብቻ አትሙሉት፣ ድፍን ብሎ ይቀራል። መጀመሪያ ደማቅ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላዩ ጥቁር ብታደርጉበት ይሻላል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፍ። ሳራስዋቲ የትምህርትና የሙዚቃ እመቤት ናት፤ ነጭ ለብሳ ቪና የተባለውን የክር መሣሪያ ትይዛለች። በበዓሏ ቀን ተማሪዎች መጻሕፍታቸውን ፊቷ ያስቀምጣሉ፣ በብዙ ቤት በዚያ ቀን ማጥናት የለም (የትኛው ተማሪ ይጠላዋል?)። ላክሽሚ ቀይ ለብሳ ሎተስ ላይ ናት፣ ከእጇ የወርቅ ሳንቲም ይፈስሳል። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ኦሹን የወንዝ እመቤት ናት፣ ቀለሟ ቢጫና ወርቃማ። «የሞጃ» የምትባለዋ ሌላዋ እመቤታቸው ደግሞ የውኃ እናት ናት፣ ሰማያዊና ነጭ ይሄድላታል። የሁለቱም አምልኮ ዛሬም ናይጄሪያ፣ ኩባና ብራዚል ውስጥ ሕያው ነው።

ስለ ዓይን ብቻ ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የማቅለሚያ መጽሐፍ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዓይን ይጀምራሉ። በሕንድ ኮልካታ ከተማ ኩማርቱሊ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር አለ። ለዱርጋ ፑጃ በዓል የሚሆኑት የዱርጋ ምስሎች እዚያ ይሠራሉ። መጀመሪያ ከቀርከሃና ከጭድ አጽሙ ይታሠራል፣ በላዩ የወንዝ ጭቃ ይለጠፋል፣ ይደርቃል፣ ነጭ ይቀባል፣ ከዚያ ሌላው ቀለም ይመጣል። ልብሷ፣ ጌጧ፣ አንበሳዋ ሁሉ ሲጠናቀቅ ዓይኗ ገና ባዶ ነው። ማሃላያ የተባለው ቀን፣ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ገደማ በፊት፣ ሲደርስ ዋናው ባለሙያ ብሩሹን ይዞ ዓይኗን ይሥላል። ቾኩ ዳን ይሉታል። በዚያች ቅጽበት ጭቃው እመቤት ይሆናል፣ ማየት ትጀምራለች ብለው ያምናሉ። በዓሉ ሲያበቃ ደግሞ በዘፈንና በከበሮ ወስደው ወንዝ ውስጥ ይከቷታል። ያ ሁሉ ልፋት ጭቃ ሆኖ ይሟሟል። ዩኔስኮ የኮልካታን ዱርጋ ፑጃ በ2021 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ታንግካ የሚባለውን የጨርቅ ሥዕል የሚሥሉት የቲቤት ሠዓሊዎችም ልኩን በመስመር ከፋፍለው ምስሉን ካወጡና ቀለሙን ከጨረሱ በኋላ ዓይኑን መጨረሻ ላይ ይከፍታሉ። ከጨርቁ ጀርባ ደግሞ በግንባሩ፣ በጉሮሮውና በልቡ ትይዩ ሦስት ቅዱስ ፊደላት ይጽፋሉ።

የኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው በዓይን ነገር አይገረምም። ቅዱሱ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሣላል፤ ክፉው በጎን ይዞርና አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ዓይን ዋዛ እንዳልሆነ የኛም ሠዓሊዎች ያውቃሉ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ዓይኑን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከበስተጀርባ ጀምሩ፣ ከዚያ ልብስና ጌጥ፣ ከዚያ ገላ፣ በመጨረሻ ዓይን። ከመጀመራችሁ በፊት ታሪኳን አንድ ጊዜ አንብቡ። ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ቀለም አትምረጡ፤ ሣጥኑ ሙሉ ከፊታችሁ ካለ ሐሳባችሁ ምርጫ ላይ ያልቃል። ስትጨርሱ በገጹ ጀርባ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን አሰባችሁ፣ የቱ ጋ እጃችሁ ደከመ፣ የቱን ቦታ ላለመንካት ሸሻችሁ። አንዳንዴ ካቀለማችሁት ይልቅ የተዋችሁት ቦታ ብዙ ይናገራል። ማርከር የምትወዱ ከሆነ ወረቀቱን አልፎ ሌላኛውን እመቤት እንዳያበላሽ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን አድርጉ። እርሳስ ከሆነ ሳትጫኑ ደጋግማችሁ ሂዱበት።

ሳይንሱስ ምን ይላል? በ2005 በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች 84 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስበው መጀመሪያ የሚያስፈራ ትዝታቸውን አስጻፏቸውና ጭንቀት ውስጥ ከተቷቸው። ከዚያ ለ20 ደቂቃ አንዱ ቡድን ማንዳላ፣ ማለትም በክብ የተሰናዳ ጥለት፣ ሌላው በካሬ በካሬ የተሰመረ ጥለት፣ ሦስተኛው ባዶ ወረቀት እንዲያቀልም አደረጉ። ማንዳላውም ካሬውም ጭንቀታቸውን ቀነሰው። ባዶው ወረቀት ግን አልረዳም። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ግምት መስመር ያለው ወረቀት ሐሳብን ያዝ አድርጎ ያሳርፋል፣ ባዶው ግን «አሁን ምን ልሣል?» እያሰኘ ራሱ ሥራ ይሆናል የሚል ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ሁሉም አንድ አይደለም፣ የሚለኩትም ጭንቀትን እንጂ መንፈስን አይደለም። ታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ በ1918 እና በ1919 በወታደርነት ሳለ በየጠዋቱ በማስታወሻ ደብተሩ ማንዳላ ይሥል ነበር፤ የውስጡን ሁኔታ ያይበት ነበር። እሱ ግን ራሱ እየሣለ ነው፣ የታተመ አይሞላም። የሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያዎችም ማቅለም ብቻውን ሕክምና አይደለም ብለው ደጋግመው ይናገራሉ። ልቡ በጣም የተጎዳ ሰው ባለሙያ ጋ መሄድ አለበት፣ የእርሳስ ሣጥን አይበቃውም።

አሁን ስለ ነፃነቱና ስለ ጣጣው። በሚቲላም በቲቤትም ቀለሙ የታወቀ ነው፣ ሠሪው እንዳሻው አይለውጠውም። በመጽሐፉ ግን ካሊን ሮዝ ማድረግ ትችላላችሁ። ያመኗት ሰዎች ካዩት ይከፋቸዋል ወይ? አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይከፋዋል። ሂንዱዎች የአማልክቶቻቸው ምስል በእግር ምንጣፍና በጫማ ላይ ታትሞ ሲያዩ በተደጋጋሚ ተቆጥተዋል፣ ምክንያቱም እግር የሚነካው ነገር ክብር የለውም። ማቅለም ከዚያ ጋ አንድ አይደለም። የሕንዱ ሠዓሊ ራጃ ራቪ ቫርማ በ1894 ማተሚያ ቤት አቋቁሞ የላክሽሚንና የሳራስዋቲን ሥዕል በርካሽ ሲያሰራጭ፣ ሰዎች ገዝተው ወስደው የወርቅ ክርና አብረቅራቂ ጌጥ ለጠፉበት። የታተመን ምስል በገዛ እጅ ማስጌጥ ለነሱም አዲስ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ ያስጌጡት የሚያመልኩትን መሆኑ ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው መንገድ መጀመሪያ አንድ ጊዜ በራሷ ቀለም ማቅለም ነው። ሁለተኛው ቅጂ ላይ እንደፈለጋችሁ ሁኑ። የራሷን ሳታውቁ የናንተን ብትሰጧት ያያችሁት ራሳችሁን ብቻ ነው።

የጨረሳችሁትን ገጽ መጣል ከፈለጋችሁም ቆሻሻ ውስጥ አትክተቱት። ሂንዱዎች ያረጀ ምስልን ወራጅ ውኃ ውስጥ ይለቃሉ ወይም ትልቅ ዛፍ ሥር ያኖራሉ። የቲቤት ቡድሂስቶች ደግሞ በክብር ያቃጥላሉ። እስከዚያው ግን መሬት ላይ አታኑሩት፣ አትራመዱበት፣ ቡና አታስቀምጡበት።

የመጨረሻው ጥያቄ በኛ ቤት የማይቀረው ነው፦ «ይኼ ጣዖት ማምለክ አይደለም?» አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩ በዮጋ ቤት ወይም በሥራ ባልደረባ በኩል ይህ መጽሐፍ ሊደርሳችሁ ስለሚችል ጥያቄው የሩቅ አይደለም። ነገሩን ማለሳለስ አልወድም። ለሂንዱውና ለቡድሂስቱ ይህ ሃይማኖቱ ነው። ለእንቅስቃሴው ሰዎችም ማምለክ ወይም ወደዚያ የተጠጋ ነገር ነው። ክርስቲያን ከሆናችሁ ከአሥርቱ ትእዛዛት አንጻር፣ ሙስሊም ከሆናችሁ ሕይወት ያለውን ነገር መሣል ላይ ካለው ጠንካራ አስተያየት አንጻር፣ ውሳኔው የናንተና የምትጠይቋቸው አባቶች ወይም ዑለማዎች ነው። ሥዕሉን እንደ ባህልና ታሪክ ማጥናት አንድ ነገር ነው፣ ሻማ አብርቶ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ዝግ ብሎ ማየቱን ብቻ ከወደዳችሁት ግን እመቤቶቹ የግድ አያስፈልጉም። ጥናቱ ላይ ካሬውም ሠርቷል። ለሙስሊሙ የመስጊድ ጌጥ የሆነው የጂኦሜትሪ ጥለት አለ። ለኛ ደግሞ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለው ሐረግ አለ፦ እንደ ገመድ የሚጠላለፍ፣ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የተሞላ። የብዙ ብራናዎች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አለ። አንዱን አትሙት፣ ቀጭን ወረቀት አድርጋችሁበት መስመሩን ገልብጡ፣ ከዚያ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ክሩ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ እየተከተላችሁ ሙሉት።